የጥልቅ አንጎል ማነቃቂያና ድምር ነጥብ የማያሳየው ሚዛን

ለፓርኪንሰን ሕመም የሚሰጠው የጥልቅ አንጎል ማነቃቂያ ቀዶ ሕክምና ውጤት በአብዛኛው የሚመዘነው እ.ኤ.አ. በ1987 በወጣው ወጥ የፓርኪንሰን መመዘኛና በ2008 በታተመው የተሻሻለ ቅጂው ነው። መመዘኛው ለዘርፉ የዋለው ውለታ ቀላል አይደለም፤ በተለያዩ አገሮች የተሠሩ ጥናቶችን ለማነጻጸር አስችሏል። ሚዛንን በተመለከተ ግን ሊጤን የሚገባው ጉድለት አለበት።

ሕክምናው ቀጭን ኤሌክትሮዶችን ወደ አንጎል ውስጠኛ ክፍል፣ ብዙውን ጊዜ ወደ ሰብታላሚክ ኒውክሊየስ ወይም ወደ ግሎበስ ፓሊደስ፣ በማስገባት ከቆዳ ሥር በሚቀበር ባለባትሪ መሣሪያ የኤሌክትሪክ ምት መስጠት ነው። በፈረንሳይ ግሬኖብል የፕሮፌሰር ቤናቢድ ቡድን እ.ኤ.አ. በ1987 ዘመናዊ መልኩን ካስጀመረ ወዲህ መንቀጥቀጥን፣ የጡንቻ ግትርነትንና የእንቅስቃሴ ዝግመትን በመቀነስ ረገድ ጥቅሙ ተመስክሯል።

ሐኪሙ እንቅስቃሴን የሚመረምርበት የመመዘኛው ሦስተኛ ክፍል በመጀመሪያው ቅጂ 108፣ በአዲሱ 132 ነጥብ ይይዛል። ከዚህ ውስጥ የሚዛን አጠባበቅ በቀጥታ የሚፈተንበት ነጥብ አንድ ብቻ ነው፤ ሐኪሙ ከኋላ ቆሞ የታማሚውን ትከሻ በድንገት ይስብና ከ0 እስከ 4 ነጥብ ይሰጣል። ለምሳሌ ከቀዶ ሕክምናው በፊት 50 ነጥብ የነበረው ታማሚ በኋላ 25 ቢያገኝ የ50 በመቶ መሻሻል ተብሎ ይመዘገባል፤ የሚዛን ነጥቡ ግን ከ3 ንቅንቅ ላይል ይችላል። እጁ ረግቶ ፍጥነቱ ሲጨምር ቀድሞ ወደማይደርስበት ስፍራ መሄድ ይጀምራልና የመውደቅ አደጋው ሊብስ ይችላል። የመጀመሪያው ቅጂ በሌላ ክፍሉ ስለ መውደቅ መጠየቁ እውነት ነው፤ ነገር ግን በጥናት ዘገባዎች ጎልቶ የሚወጣው የሦስተኛው ክፍል ድምር ነው።

እ.ኤ.አ. በ2010 «ኒውሮሎጂ» በተባለው መጽሔት የታተመና ሚዛንንና አካሄድን ነጥሎ የመረመረ የጥናቶች ድምር ትንተና ይህንን ያጎላል። በመጀመሪያ የታየው መሻሻል በዓመታት ውስጥ፣ በተለይ ኤሌክትሮዱ በሰብታላሚክ ኒውክሊየስ በተተከለላቸው ዘንድ፣ እየቀነሰ ሄዷል። ሚዛን በዶፓሚን ብቻ የሚጠበቅ አይደለም፤ በሽታው ሲገፋ የአንጎል ግንድና የአሴቲልኮሊን ሥርዓትም ይጎዳሉ። ሌቮዶፓ ያላሻሻለውን የሚዛን መዛባት ማነቃቂያውም አብዛኛውን ጊዜ አያሻሽለውም።

ሌላው ጉድለት ፈተናው በደልዳላ ወለል ላይ፣ ታማሚው መሳቡን አስቀድሞ እያወቀ መደረጉ ነው። በጀጎል ግንብ ውስጥ የሚኖር ታማሚ ግን ድንጋይ በተነጠፈባቸው ጠባብ መንገዶች ዳገትና ቁልቁለት ይወጣል ይወርዳል። በመኪና ግርግር ዕቃ ይዞ፣ ሰላምታ እየመለሰ፣ ከሰው ጋር እየተላለፈ ይራመዳል። በባህላዊው የሐረሪ ቤትም ነደባ የሚባሉትን ከፍና ዝቅ ያሉ መደቦች መውጣትና መውረድ የዕለት ተግባር ነው። ጠባብ መተላለፊያ፣ መዞርና ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ መሥራት ደግሞ እግር ከመሬት እንደተጣበቀ ድንገት እንዲቆም የሚያደርጉ ሁኔታዎች ናቸው።

ቀዶ ሕክምናው ከሐረር ርቆ የሚሰጥ ቢሆንም ስለ እርሱ ለሚጠይቅ ታማሚ የመጀመሪያውን ምክር የሚሰጠው በሕይወት ፋና ወይም በጀጎል ሆስፒታል ያለው ባለሙያ ሊሆን ይችላል። ባለሙያው ባለፉት ወራት ታማሚው ስንት ጊዜ እንደወደቀ፣ የወደቀውም መድኃኒቱ እየሠራ ሳለ ወይስ ኃይሉ ሲያልቅ እንደሆነ ይጠይቅ። መድኃኒቱ እየሠራ ሳለ የሚወድቅ ታማሚ ከቀዶ ሕክምናው ለሚዛኑ ብዙ እንዳይጠብቅ በግልጽ ሊነገረው ይገባል። የደም ግፊትን ተኝቶና ቆሞ መለካት፣ ሃሎፔሪዶልና ሜቶክሎፕራሚድን የመሰሉ መድኃኒቶች መወሰዳቸውን ማጣራት፣ የሌቮዶፓን ሰዓት ማስተካከል፣ የሚዛን ልምምድ ማስጀመርና የቤቱን መውጫና መውረጃ መያዣ እንዲኖረው ማድረግ ውድ መሣሪያ አይጠይቁም።

የጥልቅ አንጎል ማነቃቂያ ጥቅም አያከራክርም፤ አከራካሪው አለካኩ ነው። ከእንግዲህ የሚወጡ ዘገባዎች ከድምር ነጥቡ ጎን የመውደቅን ብዛት ለይተው ቢያቀርቡ፣ ታማሚውም ሐኪሙም ምን እንደሚያገኙና ምን እንደማያገኙ አውቀው ይወስናሉ።