የጥቅም ግጭትን ማሳወቅ ብቻውን ይበቃልን?

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» እንዲሉ፣ የሕክምና መጽሔቶች ጸሐፊዎች የጥቅም ግንኙነታቸውን እንዲያሳውቁ ማስገደዳቸው ተገቢ ነው። ሆኖም ሕመምን መናገር መታከም እንዳልሆነ ከእኛ በላይ የሚያውቅ የለም።

እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2000 ኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲሲን ላይ የወጣውን «ቪጎር» የተሰኘ ጥናት እንመልከት። ከ8,000 በላይ የሩማቶይድ አርትራይተስ ሕሙማን የተሳተፉበት ይህ ጥናት፣ ቫዮክስ በሚል የንግድ ስም የተሸጠው ሮፌኮክሲብ በጨጓራና በአንጀት ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ከናፕሮክሰን ያነሰ መሆኑን አመለከተ። ወጪውን የሸፈነው አምራቹ መርክ መሆኑም ሆነ ከጸሐፊዎቹ መካከል የኩባንያው ሠራተኞች መኖራቸው አልተደበቀም።

የተጓደለው ሌላ ነበር። ሮፌኮክሲብ በወሰዱ ሕሙማን ላይ የደረሱ ሦስት ማዮካርዲያል ኢንፋርክሽኖች ከታተመው ቁጥር ውጪ ሆኑ፤ የልብ ጉዳቶች ቆጠራ የተዘጋው ከጨጓራና አንጀት ጉዳቶች ቆጠራ ቀደም ብሎ ነበርና። በሁለቱ መድኃኒቶች መካከል የታየው የልብ ሕመም ልዩነትም ናፕሮክሰን ልብን ከመከላከሉ የመጣ ሊሆን እንደሚችል ተተረጎመ። መድኃኒቱ በልብና በአንጎል የደም ሥሮች ላይ በሚያደርሰው ጉዳት ምክንያት በሴፕቴምበር 2004 ከገበያ ወጣ። የመጽሔቱ አዘጋጆች በዲሴምበር 2005 ባወጡት የሥጋት መግለጫ፣ ቢያንስ ሁለት ጸሐፊዎች ሦስቱን ክስተቶች ከኅትመቱ ወራት አስቀድሞ ያውቁ እንደነበር ገለጹ። ጸሐፊዎቹ ግን ክስተቶቹ የተደረሱት አስቀድሞ ከተወሰነው ቀን በኋላ ነው ሲሉ ተከራከሩ።

መጽሔቱም ከጥቅም ነፃ አልነበረም። የዚህ ጽሑፍ ከ900,000 በላይ ቅጂዎች ተሸጠዋል፤ አብዛኛውን የገዛው መርክ ነው። ገቢው የአዘጋጆቹን ውሳኔ አዛብቷል ለማለት አይደለም። ነገር ግን ጸሐፊውን የሚጠይቅ መጽሔት ራሱም መጠየቅ አለበት።

የዓለም አቀፉ የሕክምና መጽሔት አዘጋጆች ኮሚቴ በ2009 ያወጣው ወጥ የማሳወቂያ ቅጽ መልካም እርምጃ ነበር። ቅጹ ግን የሚሞላው በጸሐፊው ቃል ነው፤ የተቆረጠን ቁጥርም አይመልስም። የጥቅም ግጭትን ማስተዳደር ማለት ግንኙነት ያለውን አዘጋጅና ገምጋሚ ከውሳኔው ማራቅ፣ መረጃውን በገለልተኛ ባለሙያ ማስመርመር፣ መጽሔቱ ከቅጂ ሽያጭ የሚያገኘውንም ለአንባቢ መግለጽ ነው።

እኛም ድርሻ አለን። የመድኃኒት አስተዋዋቂ ያማረ የጽሑፍ ቅጂ ሲያቀርብልን፣ ጥናቱን ማን እንደከፈለ ብቻ ሳይሆን ቅጂውን ማን እንደገዛ፣ ጉዳቱም እስከ መቼ እንደተቆጠረ እንጠይቅ። መድኃኒቱን የሚውጠው ሕመምተኛው ነውና።