ስለ አንድ ጀማሪ የሠርግ ፎቶግራፎች

አንድ የሰቆጣ ወጣት ለመጀመሪያ ጊዜ ያነሣቸውን የሠርግ ፎቶግራፎች ተመለከትናቸው። የሽማግሎቹ ኩታ አምሮ ወጥቷል፤ ነገር ግን በሥርዓተ ተክሊሉ ጊዜ ሙሽሮቹ ፊታቸውን ከካህኑ መልሰው ወደ መሣሪያው ያያሉ። ይህ የወጣቱ ጥፋት ብቻ አይደለም። አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጅያን በ1906 ዓ.ም. ላረፉት ለዳግማዊ ምኒልክ ፎቶግራፍ ባነሣበት ዘመን፣ ሰው በመሣሪያው ፊት ተዘጋጅቶ ይቆም ነበር፤ ልማዱም እስከ ዛሬ ቆየ። ለቤተ መንግሥት ይገባል፤ ለጸሎት ግን አይስማማም፤ አክሊሉ የሚደፋው በእግዚአብሔር ፊት እንጂ በመስታወት ፊት አይደለምና።

ከሁሉ የሚበልጠው ማንም ያልተዘጋጀበት ነው፤ የሙሽራዪቱ እናት በደጀ ሰላሙ ቆመው በነጠላቸው ጫፍ ዕንባቸውን ያብሳሉ። ወጣቱ እንዲህ ራሱን ሰውሮ ቢያነሣ፣ ሠርጉን ለልጅ ልጅ ያቆያል።