ጀርባ ላይ የሚታዘል ማሰራጫ

ድሮ ከሜዳ በቀጥታ ለማሰራጨት ሳህን የተጫነበት መኪናና የተከራየ የሳተላይት ሰዓት ያስፈልግ ነበር። ዛሬ ካሜራማኑ አንዲት ቦርሳ አዝሎ ይወጣል። ቦርሳዋ ውስጥ የተለያዩ ኩባንያዎች ሲም ካርዶች ተደርድረዋል፤ ምስሉ ተቆራርጦ በሁሉም በኩል ይላካል፣ ስቱዲዮ ያለው ሰርቨር መልሶ ይገጣጥመዋል። አንዱ መስመር ሲደክም ሌላው ይሸከምለታል። ይህን ብልሃት ከልቤ አደንቃለሁ፤ ጥራት ላለው ምስል በሰከንድ 5 ሜጋቢት ገደማ ሳይቆራረጥ መላክ ቀላል አይደለምና። ወሳኙ የማውረዱ ሳይሆን የመላኩ ፍጥነት ነው።

ካርቱም የዚህን የመላክ ፍጥነት ዋጋ ታውቃለች። እ.ኤ.አ. ከሚያዝያ 6 ቀን 2019 ጀምሮ፣ በጦር ኃይሉ ጠቅላይ መምሪያ ፊት ለፊት ለተቃውሞ የተቀመጠውን ሕዝብ ዓለም ያየው ባመዛኙ በተራ ስልክ ነው፤ ቦርሳም ሆነ ሳህን የሌላቸው ወጣቶች ስልካቸውን ከፍ አድርገው በቀጥታ አሳዩት። ሺዎች አንድ አንቴና ላይ ሲረባረቡ ምስሉ ይደበዝዝ፣ ይቆም ነበር። ሰኔ 3 ሰልፉ በደም ሲበተን የሞባይል ኢንተርኔቱ ተዘጋ፤ የተከፈተው ሐምሌ 9 ነው። ሁሉም ኩባንያ በአንድ ትእዛዝ ሲዘጋ ሲም መደርደር አያድንም፤ ያኔ ወደ ሳተላይት መመለስ ግድ ነው።