በእጅ አንጓ ላይ የሚነበብ ጭንቀት

በሜሪላንድ አካል ጉዳተኞች በሚኖሩባቸው ቤቶች በእንክብካቤ ሥራ የተሰማራን ሐበሾች ብዙ ነን፤ «ቢሄቪየር ነው» (የጠባይ ጉዳይ ነው) የሚለውን አባባል ሁላችንም እናውቀዋለን። መናገር የማይችል ሰው እጁን ሲነክስ ወይም ጭንቅላቱን ከግድግዳ ሲያጋጭ እንዲህ ይባላል፣ ይጻፋል፣ ይታለፋል። ከሥሩ ግን የጥርስ ሕመም፣ የሆድ ድርቀት ወይም የጆሮ ኢንፌክሽን ሊኖር ይችላል። እንደ ሰዓት እጅ ላይ የሚታሰረውን መለኪያ የምወደው ይህን ችኩል ፍርድ ስለሚያዘገይልኝ ነው።

መለኪያው በዋናነት የሚከታተለው ላብን ነው። ሰው ሲደነግጥ ወይም ሲያመው ሲምፓቴቲክ የሚባለው የነርቭ ክፍል የላብ ዕጢዎችን ያነቃል፤ ቆዳ ለዓይን በማይታይ መጠን እንኳ ሲረጥብ ኤሌክትሪክ የማስተላለፍ አቅሙ ይጨምራል። የልብ ምት፣ የቆዳ ሙቀትና እንቅስቃሴም አብረው ይመዘገባሉ። ማቲው ጉድዊንና ባልደረቦቹ በ2019 ባሳተሙት ጥናት፣ ሆስፒታል ተኝተው በሚታከሙ 20 ኦቲዝም ያለባቸው ልጆችና ወጣቶች ላይ ሞክረውት፣ የ3 ደቂቃ መረጃ አይቶ በቀጣዩ 1 ደቂቃ ልጁ ሰው ይማታ እንደሆነ መገመት እንደሚቻል አሳይተዋል። ግምቱ ይበልጥ የሠመረው ለእያንዳንዱ ልጅ ለብቻው ሲሰላ ነበር። ያቺን ደቂቃ ቴሌቪዥን ለማጥፋት ወይም ራቅ ብሎ ለመቀመጥ ከተጠቀምንባት ትልቅ ነገር ናት። ፈጥኖ እጅ ጠምዝዞ ለመያዝ ከሆነ ግን ባትኖር ይሻላል።

መለኪያው የሚያወጣው መስመር ሰውነት መቼ እንደተነቃቃ ያሳያል፤ ለምን እንደተነቃቃ አይናገርም። አንዲት ልጅ በሙዚቃ ስትፍነከነክም ሆዷን ሲቆርጣትም ያው ከፍ ይላል። ስለዚህ ደብተር ከጎኑ መኖር አለበት፦ ምን በላች፣ መቼ ተጸዳዳች፣ ማን ገባ፣ ምን ጮኸ። የምንከባከባት አንዲት ወጣት ከምሳ በኋላ ጋደም ስትል ፊቷ ሰላማዊ ነበር፤ መስመሩ ግን በየቀኑ በዚያው ሰዓት ያሻቅባል። ከደብተሩ ጋር ስናስተያየው ቃር ጠረጠርን፤ ሐኪሟም ቃር መሆኑን አረጋገጠ። ከበላች በኋላ ቀና ብላ እንድትቆይ ስናደርግ መስመሩ ረገበ። ያን ፊት ብቻ ብናይ ኖሮ ስቃይዋን ማንም አይጠረጥርም ነበር።

ዝቅ ያለ መስመርም ሊያታልል ይችላል። ለሃጭ ለመቀነስ የሚሰጠው ግላይኮፒሮሌት ላብንም ያደርቃል፤ ፕሮፕራኖሎል ደግሞ የልብ ምትን ዝቅ ያደርጋል። እነዚህን የሚወስድ ሰው እየተሰቃየም ቢሆን በመለኪያው ላይ የተረጋጋ ሊመስል ይችላል። የመድኃኒት ዝርዝሩን ሳያይ መስመሩን የሚያነብ ሰው ባያነበው እመርጣለሁ።

ማሰሪያው ራሱ ቆዳቸው ለንክኪ ስሱ ለሆነ ሰዎች ጭንቀት ይሆናል። አንዳንዴ ወደ ቁርጭምጭሚት እናዞረዋለን። እዚያም አንዷ ጎትታ ከጣለችው አንመልሰውም፤ አልፈልግም ማለቷ ነው፣ ደብተሩም «እምቢ አለች» ተብሎ ከነሰዓቱ ይጻፍበታል።