ጭምብልና ድፍረት በአስቂኝ ቴአትር ታሪክ

የአስቂኝ ቴአትር ታሪክ በብዙ የመማሪያ መጻሕፍት እንደ መሰላል ተደርጎ ይነገራል። ከታች ያልታረመው የግሪኮች ቧልት፣ ከዚያ በላይ የሮማውያን ድርሰት፣ ቀጥሎ የፈረንሳይ ጨዋነት፣ በጫፉ ላይ ደግሞ ሲኒማ ይቀመጣል። ይህ አነጋገር ለማስተማር ይመች እንደ ሆነ እንጂ የነገሩን ሥር አያሳይም። ኮመዲን ከዘመን ወደ ዘመን የለወጠው የጣዕም መታረም ብቻ አይደለም፤ በማን ላይ፣ በየትኛው ጭምብል ተሸፍኖ፣ በማንስ ፈቃድ ይሣቃል የሚለው ጥያቄ ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዘመናት በአውሮፓ አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው።)

አሪስቶትል ስለ ቅኔ ጥበብ በጻፈው መጽሐፍ፣ የትራጀዲ ለውጦች ሲታወቁ የኮመዲ አጀማመር የተረሳው በመጀመሪያ ከቁም ነገር ስላልተቈጠረ መሆኑን ያመለክታል። ይሁን እንጂ ኮመዲ በአቴና አደባባይ የሚናቅ ነገር አልነበረም። አሪስቶፋኒስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ424 ዓመት ባሳየው «ፈረሰኞች» በተባለው ተውኔት፣ በጊዜው በከተማዪቱ እጅግ ኀያል የነበረውን ክሌዎንን አታላይ ባሪያ፣ ሕዝቡን ደግሞ የሚታለል ሽማግሌ ጌታ አድርጎ አቀረበ። በዚያው ተውኔት ውስጥ ጭምብል ሠሪዎቹ የሰውየውን መልክ አስመስለው ለመሥራት እንደ ፈሩ፣ አስተዋዩ ተመልካች ግን ያለዚያም እንደሚለየው ይነገራል። ተውኔቱ አንደኛ ሽልማት አገኘ። ያው ሕዝብ ግን ብዙ ሳይቆይ ክሌዎንን የጦር አዛዥ አድርጎ መረጠው። ሣቅ ኀያሉን ለማዋረድ ይችላል፤ ለመሻር ግን ብቻውን አይበቃም።

አቴና በመቄዶንያ ኀይል ሥር ከወደቀች በኋላ ኮመዲ ከአደባባይ ወደ ቤት ገባ። ሚናንድሮስ በ316 ዓመት ቅድመ ክርስቶስ ያሳየውና ከግብፅ በተገኘ ፓፒረስ በ1958 ዓ.ም. ታትሞ የታወቀው «ሰው ጠሉ» የተባለው ተውኔት፣ የከተማ መሪ ሳይሆን ቁጡ ገበሬና ሴት ልጁ የሚታዩበት ነው። ፕላውቱስ ይህንኑ ወደ ሮማ አምጥቶ ጌታውን የሚያሞኝ ብልህ ባሪያ የጨዋታው ንጉሥ እንዲሆን አደረገ። ተዋናዮቹ የግሪክ ልብስ ለብሰው፣ ነገሩም በግሪክ አገር እንደ ሆነ ተደርጎ ስለ ቀረበ፣ የሮማ አባወራ በሌላ ሕዝብ ላይ የሚሥቅ መስሎት በራሱ ላይ ሣቀ። ነገር ግን አንድ ነገር ሊዘነጋ አይገባም፤ ባሪያው ድል ያደረገው ለበዓሉ ቀን ነው፤ በማግሥቱ የሚነጋበት በዚያው በባርነት ነው።

በኢጣልያ በ1545 ዓ.ም. በፓዶቫ ከተማ ተዋናዮች ማኅበር ለማቋቋም የተፈራረሙት ውል፣ በሙያው የሚተዳደሩ ተዋናዮች የፈጠሩትን የኮመዲያ ዴላርቴን ዘመን ለመቊጠር እንደ መነሻ ይወሰዳል። የቬኔስያው ስስታም ነጋዴ ፓንታሎኔ፣ የቦሎኛው ለፍላፊ ሊቅ፣ የቤርጋሞው አገልጋይ አርሌኪኖ በቆዳ ጭምብላቸው ይታወቁ ነበር። አንዳንድ ሐያስያን ይህን የጠባይ መደጋገም እንደ ስንፍና ይቈጥሩታል። ፍርዱ ግን የተቻኰለ ነው። ተዋናዩ በአጭር የታሪክ ንድፍ ላይ ተመሥርቶ ንግግሩን በመድረክ ላይ ስለሚፈጥር፣ ያልተጻፈውን ቃል አስቀድሞ የሚመረምር ሹም አልነበረም። ይህም ነጻነት ዋጋ ነበረው፤ ሉዊ 14ኛ በ1697 ዓ.ም. የኢጣልያ ተዋናዮችን ከፓሪስ አባረራቸው።

ሞልየር በፓሪስ ከነዚሁ ተዋናዮች ጋር አንድ ቴአትር ቤት ተካፍሎ የሠራ ሰው ነው። በ1668 ዓ.ም. ያሳየው «ስስታሙ» ከፕላውቱስ የተወሰደ ነው። ታላቁ ድፍረቱ ግን «ታርቲዩፍ» ነው፤ በዚህ ተውኔት ግብዝነትን፣ ማለትም ሰው ፊቱ ላይ የሚያደርገውን የጽድቅ ጭምብል፣ ራሱን የሣቅ ምክንያት አደረገው። በ1664 ዓ.ም. ታይቶ ወዲያው ተከለከለ፤ በነጻ የተፈቀደው በ1669 ዓ.ም. ነው። በመጨረሻው ትዕይንት ቤተሰቡን የሚያድነው የንጉሡ መልእክተኛ መሆኑ ብዙዎችን አያረካም። ይህ ፍጻሜ ከጥበብ ጕድለት ይልቅ የፈቃድ ዋጋ ይመስላል።

የኢትዮጵያ ዘመናዊ ቴአትርም የተጀመረው በጭምብል ነው። ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም በንግሥተ ነገሥታት ዘውዲቱ ዘመን «ፋቡላ፤ የአውሬዎች ኮመዲያ» የተባለውን ተውኔት ሲያዘጋጁ ከላፎንቴን ተረቶች ተነሥተው አራዊትን አናገሩ። አውሬው የተሸፈነ ሰው መሆኑን ግን ተመልካቹ ሳይነገረው ዐወቀ፤ ተውኔቱም ታገደ። ከአቴና ጭምብል ሠሪዎች ፍርሃት የሚለየው በዘመን ብቻ ነው።

ሲኒማ የቆዳውን ጭምብል ቢያስቀርም ሌላ ተካ። ቻርሊ ቻፕሊን ከእንግሊዝ መድረክ ወጥቶ በ1914 ዓ.ም. በፊልም ሲታይ ትንሽ ሪዝ፣ ባርኔጣና ከዘራ ያዘ፤ እነዚህም እንደ አርሌኪኖ ልብስ ከሩቅ የሚያስታውቁት ምልክቶች ሆኑ። በ1940 ዓ.ም. «ታላቁ አምባገነን» በተባለው ፊልም ያንኑ ሪዝ በሂትለር ላይ መለሰው፤ ስሙን ለውጦ፣ መልኩን ግን ሳይደብቅ። በፍጻሜው ፀጉር ቆራጩ ቧልቱን ትቶ ረጅም ንግግር ማድረጉን ሐያስያን እንደ ስሕተት ነቅፈውታል። ከጥበብ አንጻር ነቀፋው ይገባል፤ ከታሪኩ አንጻር ግን ጭምብሉ የወደቀበት ቦታ ያ ነው። ቻፕሊን ራሱ በ1964 ዓ.ም. ባሳተመው የሕይወት ታሪኩ፣ የእስረኞችን ሰፈሮች ሰቆቃ ዐውቆ ቢሆን ኖሮ ፊልሙን ሊሠራው እንዳልቻለ ተናዝዟል።

እንግዲህ ኮመዲ ሁልጊዜ የነጻነት ድምፅ ነው ማለትም፣ የሥራ ፈቶች ጨዋታ ነው ማለትም ትክክል አይሆንም። የአንድን ሕዝብ ሣቅ የሚያጠና ሰው የተሣቀበትን ነገር መዝግቦ ቢያቆም ሥራው ግማሽ ነው። ጭምብሉን ማን እንዳደረገው፣ ማን እንደ ፈቀደለት፣ በዓሉ ካለፈ በኋላም ባሪያው የት እንዳደረ መጠየቅ አለበት።