ቫዛሪ ያልጻፈላቸው ሠዓሊዎች

ልጆቻችን በሃይፋ ትምህርት ቤቶች ስለ «ረነሳንስ» ሲማሩ የሊዮናርዶን፣ የሚኬላንጄሎንና የራፋኤልን ስም ይዘው ወደ ቤት ይመጣሉ። መልካም ነው፤ ሊያውቁ ይገባቸዋል። ቅር የሚያሰኘን ያ ዘመን ሲነገር ኢትዮጵያ ጭራሽ ያልነበረች መምሰልዋ ነው። በሌላ በኩል ደግሞ በእኛው መካከል «እኛም የራሳችን ረነሳንስ ነበረን» የሚል አነጋገር ይሰማል። ሁለቱንም አባባል ከሥዕሎቹ ጋር አስተያይተን ለመመርመር ወደድን። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የጣልያን ሠዓሊዎች ዝና በሥራቸው ብቻ የቆመ አይደለም። ጆርጆ ቫዛሪ፣ ራሱም ሠዓሊና አርክቴክት የነበረ ሰው፣ የሠዓሊዎችን፣ የቀራጮችንና የአርክቴክቶችን ሕይወት የሚተርክ መጽሐፍ በ1550 ፍሎረንስ ላይ አሳተመ፤ በ1568ም አስፋፍቶ ደገመው። ከማን እንደ ተማሩ፣ ከማን ጋር እንደ ተፎካከሩ፣ እንዴት እንደ ሞቱ ይናገራል። ብዙው እውነት ነው፤ ጥቂት የማይባለውም ጨዋታ ነው። በአገራችን እንዲህ ያለ ታሪክ የሚጻፈው ለቅዱስና ለንጉሥ ነበር። ቫዛሪ ለሠዓሊ ገድል ጻፈ ብንል ያስኬዳል።

የእኛዎቹስ? በጣና ሐይቅ፣ በዳጋ እስጢፋኖስ ገዳም፣ ማርያምን ከነልጇ የሚያሳይ በእንጨት ገበታ ላይ የተሣለ ሥዕል አለ። በላዩ ያለው ጽሑፍ በዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዘመን (1434–1468) ፍሬ ጽዮን የተባለ ሰው እንደ ሣለው ይመሰክራል። ገድሉ ይኸው ነው፤ ስም፣ ንጉሥና ሥራ። ማሪሊን ሄልድማን የተባሉ ተመራማሪ በ1994 ባሳተሙት መጽሐፍ ከዚህ ከተፈረመ ሥራ ተነሥተው፣ ፊርማ የሌላቸውን ሌሎች ሥዕሎች በአጣጣላቸው እየለዩ ከእርሱ ጋር አዛምደዋል።

የፍሬ ጽዮን ጥበብ በመስመር ላይ ነው። የልብሱ እጥፋት ልክ እንደ ቁም ጸሐፊ ፊደል በተረጋጋ እጅ ይወርዳል፤ ጣቶቹ ቀጫጭን፣ ዓይኖቹ ረጋ ያሉ ናቸው። ሚካኤልና ገብርኤል በግራና በቀኝ ቆመው ክንፋቸውን እንደ ዳስ ይዘረጋሉ። በዚያው ዘመን ፍሎረንስ ውስጥ ሠዓሊዎች በጥላና በብርሃን ሥጋን ለማጉላት ሲደክሙ፣ እርሱ ግድ አልሰጠውም። የውጭ አገር ሥዕል እንዳየ የሚጠቁሙ ምልክቶች አሉ፤ ያየውን ግን አልገለበጠም። ስለዚህ «የእኛ ረነሳንስ» የሚለውን ስም ለእርሱ መስጠት ማክበር አይመስለንም። በሌላ ሰው ሚዛን ማስቀመጥ ነው።

ኢትዮጵያ ያልነበረች መምሰልዋም ትክክል አይደለም። የዐፄ ዳዊት መልእክተኞች በ1402 ነብሮች ይዘው ቬኒስ ደርሰዋል፤ የእጅ ባለሙያዎችንም ይዘው ተመልሰዋል። በ1441 ደግሞ ከዚሁ ከኢየሩሳሌም፣ አባ ኒቆዲሞስ የላኳቸው የኢትዮጵያ መነኮሳት በፍሎረንስ ጉባኤ ተገኙ። ፊላሬቴ የተባለው ቀራጭ በ1445 በፈጸመው በሮም የቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን የነሐስ በር ላይ ቀርጿቸዋል። ለመምህራን የምንመክረው ይህን በር ለተማሪዎች እንዲያሳዩ ነው። ቬሬና ክሬብስ በ2021 ባሳተሙት መጽሐፍ ነገሥታቱ ወደ ላቲን አውሮፓ የላኩት ጠመንጃ ፍለጋ ሳይሆን፣ ለሚያሠሩት አብያተ ክርስቲያናት ክብር የሚሆን ንዋየ ቅድሳትና ባለሙያ ፍለጋ እንደ ነበር ይከራከራሉ።

ከመጡት አንዱ ቬኒሳዊው ኒኮሎ ብራንካሌዮን ነው። በ1480 ገደማ ገብቶ በዚያው ቀረ፤ አገሬው መርቆሬዎስ አለው። በ1520 የደረሰው የፖርቱጋሉ ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ቋንቋውን የሚያውቅ የተከበረ ሰው ሆኖ አገኘው። ሕፃኑን በግራ ክንድ ስላሳቀፈ ቁጣ ተነሣበት የሚባለውን ታሪክ ጄምስ ብሩስ ጽፎታል፤ ግን ብሩስ የመጣው ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ቆይቶ ነውና እንደ ቫዛሪ ጨዋታ ብናየው ይሻላል። በሥራው ስንፈርድ፣ ብራንካሌዮን ቬኒስ ቢቀር ኖሮ ከጆቫኒ ቤሊኒ ጎን ስሙ ባልተጠራ ነበር። በኢትዮጵያ ግን የግእዝ ጽሑፍ ከሥዕሉ ጋር አዋሕዶ፣ የአገሩን ወግ ተምሮ፣ ለተከታዮቹ መንገድ ከፈተ። ፍሬ ጽዮን ይበልጠዋል እንላለን።

አሁን ወደሚከብደው እንምጣ። እነዚህ ሥዕሎች የማን ቅርስ ናቸው? የዘርዓ ያዕቆብ ወንድም ዐፄ ይስሐቅ ቤተ እስራኤልን ወግቶ፣ ክርስትና ያልተቀበለ የአባቱን ርስት እንዳይወርስ ማወጁ ይነገራል። ዘርዓ ያዕቆብም ለማርያም አንሰግድም ያሉትን ደቂቀ እስጢፋኖስን አሠቃይቷል። በሥዕል ፊት መስገድ የታማኝነት መለኪያ በሆነበት አገር፣ ሥዕል የማይሠሩት አባቶቻችን ምን ያህል እንደ ተጨነቁ መገመት አያዳግትም። በዚያው ንጉሥ ዘመን፣ ትውፊታችን እንደሚለው፣ አባ ጸብራ ወደ ቤተ እስራኤል መጥተው ምንኵስናን መሠረቱ፤ የንጉሡ ልጅ ጸጋ አምላክም ተከተላቸው። ምስላቸውን ማንም አልሣለም።

ስለዚህ አንዳንድ ሽማግሌዎች «ልጆቹ ይህን ለምን ያያሉ?» ቢሉ አንደነቅም። ግን ማየት መስገድ አይደለም። በካርሜል ተራራ ላይ በ1960 የተከፈተው የቲኮቲን ሙዚየም ለጃፓን ጥበብ ብቻ የቆመ ነው፤ የሚገባው ሁሉ የጃፓንን ሃይማኖት አልያዘም። ፍሬ ጽዮንን ስናሳይ የርስቱንም አዋጅ አብረን እንንገር፤ አንዱ ያለ ሌላው ሲነገር ነው ውሸት የሚሆነው።

የእኛም ባለሙያዎች አሉ። አባቶቻችን አንጥረኞችና ሸማኔዎች ነበሩ፤ በጎንደር ዘመን ግንበኞችና አናጢዎች ሆነው ማገልገላቸውም ይተረካል። የወለቃ እናቶች የሸክላ አንበሳ፣ መጽሐፍ የያዘ ቄስ፣ ዕቃ የተሸከመች ሴት ሠርተው ሸጠዋል፤ ቱሪስቱም ስማቸውን ሳይጠይቅ ይዞ ሄደ። የቫዛሪን ጥያቄዎች ለእነርሱ ማቅረብ ይቻላል፦ ከማን ተማሩ? አፈሩን ከየት ያመጡ ነበር? የመጀመሪያው አንበሳ በማን እጅ ተሠራ? መልሱን በአማርኛም በዕብራይስጥም፣ ከነሠሪዋ ሙሉ ስም፣ ለማተም ቦታ አዘጋጅተናል።