ካሴቱ ደረሰ፤ ሰውየውስ?

«ስለ ቴሌቪዥን ድራማ በዚህ ዓምድ መጻፍ ምን አመጣው?» የምትሉ እንደማትጠፉ እገምታለሁ። መልሴ አጭር ነው። ድራማው ከቤታችን ገብቷል፤ ገብቶም ምንጣፋችን ላይ ተደላድሎ ተቀምጧል። ዝም ስላልነው ተነሥቶ አይወጣም።

የካ ውስጥ፣ ከእንጦጦ ግርጌ፣ ኮሪያ ሰፈር የሚባል መንደር መኖሩን የአዲስ አበባ ሰው ያውቃል። እ.ኤ.አ. ከ1951 ጀምሮ በቃኘው ሻለቃ ሥር ወደ ኮሪያ ከዘመቱት መካከል ተመልሰው የሰፈሩበት ነው። ከ120 በላይ የሚሆኑ ወገኖቻችን በዚያ ጦርነት ወድቀዋል። ቃኘዎች አንድም ምርኮኛ ሳያስወስዱ፣ የወደቀ ጓዳቸውንም ሬሳ ሳይጥሉ መመለሳቸው እስከ ዛሬ በኩራት ይነገራል። ያኔ ኮሪያ ማለት ለሰፈሩ ሰው ብርድ፣ በረዶና ጥይት ነበረች። ዛሬ ለልጅ ልጆቹ ኮሪያ ማለት ድራማ ናት። የእህቴ ልጅ የተዋንያኑን ስም ስትዘረዝር የዘመድ ስም የምትጠራ ነው የሚመስለው። (ኮሪያውያን የቤተሰባቸውን ስም አስቀድመው እንደሚጠሩ ያስተማረችኝም እርሷው ናት።)

እርሷ ናት እንግዲህ ባለፈው ክረምት «አጎቴ፣ ይህንን እንኳ ብታየው አትቆጣም» ብላ «የድራማ ንጉሥ» የተባለውን ያስጀመረችኝ። ኤስ.ቢ.ኤስ. በተባለው የኮሪያ ጣቢያ እ.ኤ.አ. ከኅዳር 2012 እስከ ጥር 2013 የታየ፣ 18 ክፍል ያለው ነው። ጉዳዩም ራሱ ድራማ መሥራት ነው። ድራማ ስለ ድራማ! ኮሪያውያን ከዚያ በፊትም በ2008 በዚሁ ርእስ ላይ ሁለት ያህል ሠርተዋል፤ እኔ ግን ያየሁት ይህንን ብቻ ነው።

ባለ ታሪኩ አንቶኒ ኪም የተባለ አዘጋጅ ነው። ለእርሱ ድራማ ማለት ገንዘብና የተመልካች ብዛት ነው። በመጀመሪያው ክፍል፣ የሚሠራው ድራማ የሚያበቃበት ምሽት ደርሷል። አንድ የጭማቂ ድርጅት ገንዘብ ያቀርብና በመጨረሻው ትዕይንት ላይ የብርቱካን ጭማቂው እንዲታይለት ይጠይቃል። ሰውየው እየሞተ ጭማቂ ይጠጣ ማለት ነው! አንቶኒም የዋናውን ደራሲ ረዳት፣ አንዲት የዋህ ወጣት፣ አባብሎና አታሎ ጽሑፉን ያስለውጣታል። ቀረጻው የሚያልቀው ሥርጭቱ ሊጀመር ጥቂት ሲቀረው ነው። ካሴቱን ወደ ጣቢያው የሚያደርስ ባለ ሞተር ሳይክል ይጠራል። «ፍጠን!» ይባላል። ይፈጥናል። ይጋጫል፤ ይሞታልም። አንቶኒ ግን ካሴቱን ይዞ ይሄዳል።

ወላሂ ይህን ክፍል ያየሁ ዕለት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ከድራማ ቤት ወጥቶ እንዲህ ያለ እውነት ይነገራል ብዬ አልጠበቅሁም። ጽሑፍ ቀረጻው በሚካሄድበት ቀን በቁርጥራጭ ወረቀት እየመጣ ለተዋናይ እንደሚሰጥ፣ የማታው ክፍል ቀን ተቀርጾ ማታ እንደሚታይ፣ አንድ በመቶ ተመልካች ከፍ ወይም ዝቅ ሲል የስንቱ እንጀራ እንደሚወሰን፣ ይህን ሁሉ ከውስጥ ሆኖ ያሳያል።

ታዲያ ምኑ ከፋህ ትሉኝ ይሆናል። የከፋኝ ከዚያ ወዲያ ያለው ነው። አንቶኒ በሞተረኛው ሞት ሰበብ ከሥልጣኑ ይወርዳል፤ ዓመታት አልፈው ያችኑ ያታለላትን ወጣት ፈልጎ በእርሷ ድርሰት እንደገና ለመነሣት ይታገላል። እኛም ቀስ በቀስ እንድንወደው እንደረጋለን። ወደ መጨረሻው የዓይኑ ብርሃን ሲጠፋ እናለቅስለታለን። ለሞተረኛው ያላፈሰስነውን እንባ ማለት ነው! ደራሲዎቹ የሰውን ነፍስ ዕዳ በበሽታ ሒሳብ አወራርደው ዘጉት። የሟች ሐቅ ግን እንዲህ አይከፈልም፤ ባለ መብቱ ሌላ ነውና።

«አጎቴ፣ ፊልም እኮ ነው» አለችኝ ልጅቷ። ፊልም ብቻ ቢሆን ኖሮ መልካም ነበር። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2016 ቲ.ቪ.ኤን. በተባለው ጣቢያ ድራማ ላይ ረዳት ዳይሬክተር የነበረ አንድ የኮሪያ ወጣት በገዛ እጁ ሕይወቱን አጠፋ። ዕረፍት የሌለው ሥራ ብቻ አልነበረም ያንገፈገፈው። የተሰናበቱ የኮንትራት ሠራተኞች አስቀድሞ የተከፈላቸውን ገንዘብ እንዲመልሱ የማድረጉ ሥራም በእርሱ ላይ ተጥሎ ነበር፤ ይህንኑ ጽፎት ሞተ። ድርጅቱ ይቅርታ የጠየቀው በተከታዩ ዓመት ነው። በ2018 በስሙ ለሠራተኞች መብት የሚሟገት ማዕከል ተቋቋመ፤ በዚያው ዓመትም የአገሪቱ የሥራ ሰዓት ሕግ ተሻሽሎ የሥርጭት ዘርፍ ገደብ ከማይጣልባቸው ሥራዎች ዝርዝር ወጣ።

አሁን ወደ ራሳችን እንመለስ። ቃና ቴሌቪዥን በ2008 ዓ.ም. የውጭ ድራማዎችን፣ በተለይም የቱርክን፣ በአማርኛ ድምፅ ማቅረብ ሲጀምር የአገራችን የፊልምና የቴአትር ባለሙያዎች እንጀራችን ተነካ ብለው ተቃውሞ አሰሙ። እኛ ደግሞ በመስጊድ በራፍ ላይ ቆመን ስለ ተዋናይቷ ፀጉርና ስለ ልብሷ ተከራከርን። ሁለቱም ክርክር ቦታ አለው፤ አልንቀውም። ነገር ግን የሴቲቱን ፀጉር ያየ ዓይናችን ከካሜራው ጀርባ ያለውን ሰው አላየም። ያንን ሁሉ ክፍል በየቀኑ ለማድረስ በጠባብ ክፍል ውስጥ የሌላውን ሰው ከንፈር እየጠበቀ ድምፁን የሚሰጠው ልጅ ስንት ሰዓት ይሠራል? ስንት ይከፈለዋል? ማን ጠየቀ? የሠራተኛን ዋጋ ሳያዘገዩ ስለ መክፈል በየኹጥባው የምንሰማ ሰዎች ልንጠይቅ አይገባንም ነበርን?

«ዛሬ ማታ ካልታየ» ብሎ የሚጮኸውስ ማን ነው? ስፖንሰሩ ገንዘቡን የሚያመጣው እኛ ስላለን ነው። እኔ ራሴ፣ ልደብቃችሁ አልፈልግም፣ ከእነዚያ 18 ክፍሎች የተነሣ ሁለት ሌሊት የዒሻ ጀመዓ አምልጦኛል። አንቶኒን እየረገምሁ ነበር ያመለጠኝ።

በጎረቤታችን አንዲት እናት አሉ፤ ባለቤታቸው ቃኘው ነበሩ። ቡና ሊጠጡ መጥተው ልጅቷ ታሪኩን ስትተርክላቸው ጸጥ ብለው ሰሙ።

«ካሴቱስ ደረሰ?» አሉ።

«ደረሰ፣ እማማ።»

«ሰዓቱ ሳያልፍ?»

«ሳያልፍ።»

ሲኒያቸውን አስቀመጡ። «የሰውየውን ሬሳስ ማን አነሣው?»

እኔና ልጅቷ ተያየን። ሁለታችንም አላስታወስንም። ዓይናችን ከካሴቱ ጋር ሄዶ ነበር።